ሐሙስ ስለሆነ ነው የምረጨው

(መቂ ላይ ለወጣት አትክልት አምራቾች ያደረግኩት ንግግር ነው። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። የተነሱትን ጥያቄዎችም መጨረሻው ላይ ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። በእሁድ ከሰዓት፣ ያውም በዚህ ሙቀት፣ ስለ ትል ለመስማት መምጣታችሁ በጣም ገርሞኛል። ቶሎ ልጀምር።

ቤታችሁ አይጥ ሲገባ ሱቅ ሄዳችሁ ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? «የአይጥ መርዝ አለህ?» አይደል? ቲማቲማችሁ ላይ ትል ሲወጣስ? «የትል መድኃኒት አለህ?» ሁለቱ ዕቃዎች ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። አንዳንዱ ላይ ያው የራስ ቅል ምልክት ነው ያለው። ለአይጧ ሲሆን መርዝ፣ ለቲማቲሙ ሲሆን መድኃኒት እንለዋለን።

የቃላት ጨዋታ ይመስላል እንጂ አይደለም። መድኃኒት ካልነው በሰዓቱ መውሰድ፣ አለማቋረጥ፣ ሲብስም መጠኑን መጨመር ያለብን ይመስለናል። መርዝ ብንለው ግን «ዛሬ በእርግጥ ያስፈልገኛል?» እንል ነበር። እንዳልታመም ብሎ በየሳምንቱ አሞክሳሲሊን የሚውጥ ሰው ብታዩ አበደ ትላላችሁ። ማሳችን ላይ የምናደርገው እሱን ነው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ከሃያ ዓመት በፊት እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ገበሬ ማሳ ደረስኩ። መርጫውን በጀርባቸው አዝለው ይረጫሉ። ጓንት የለም፣ የአፍ መሸፈኛ የለም። ነፋሱም ወደ ፊታቸው ነው።

«ጋሼ፣ ምን አይተው ነው የሚረጩት?» አልኳቸው።

«ምን አያለሁ ልጄ? ሐሙስ ነው እኮ!»

ሐሙስ የሆነው አይሱዙው ቅዳሜ ስለሚመጣ ነው። ሐሙስ ከተረጨ ቅዳሜ ፍሬው ያምራል። ቤታቸው ቡና ሊያጠጡኝ ሲወስዱኝ ጓሮ ውስጥ ሁለት መደብ ቲማቲም አየሁ። «ይሄስ?» ስላቸው «እሱማ የልጆቼ ነው፤ አይረጭም» አሉኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ቅጠሉ እዚህም እዚያም ተበልቷል። ፍሬው ላይ ግን ከማሳው የባሰ ጉዳት አልነበረም።

ታሪኩን ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ የማልናገረው ግን አንድ ነገር አለ። «በየሰባት ቀኑ ይረጩ» የሚለውን ፕሮግራም ያስተማርኳቸው እኔ ነበርኩ። ሥልጠናችን እንደዚያ ይላል። ምን ቢታይ፣ ስንት ቢታይ የሚል ነገር የለውም። ሰውየው ጎበዝ ተማሪ ነበሩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ታዲያ በቀን ቆጥሮ መርጨት ምን ያመጣል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የተያዘው እዚህ ነው።

በካሊፎርኒያ የብርቱካን እርሻዎች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሊጠፉ ደርሰው ነበር። ቅርንጫፉ ላይ ተለጥፎ ጭማቂ የሚመጥ፣ ጀርባው ጥጥ የመሰለ ነፍሳት ከአውስትራሊያ ገብቶ ነው። ምን ቢያደርጉ አልለቅ አለ። በ1888 አልበርት ኮበሌ የሚባል ሰው ወደ አውስትራሊያ ተላከ። ሥራው እዚያ አገሩ ላይ ይህን ነፍሳት ማን እንደሚበላው ማየት ነበር። ቬዳሊያ የምትባል ትንሽ ጥንዚዛ አገኘና ላከ። በሁለት ዓመት ውስጥ ተባዩ ከችግርነት ወጣ። ለአሥርት ዓመታትም ተረሳ።

ከዚያ ዲዲቲ የሚባለው የነፍሳት መርዝ መጣ። በ1940ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ገበሬዎቹ ለሌላ ተባይ ብለው ዲዲቲ ረጩ። ያ የተረሳው ጥጥ ለባሽ ተመልሶ ፈላ። ዲዲቲው የገደለው ጥንዚዛዋን ነበር። እሷ ለሃምሳ ዓመት ያለ ደመወዝ ስትሠራ ማንም ልብ አላላትም። የታወቀችው ከሞተች በኋላ ነው።

እናንተም ማሳ ላይ ያለው ይኸው ነው። ክሽክሽን፣ ያን የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ የሚበሉ ጥንዚዛዎች አሉ። ሸረሪቶች አሉ። ትል ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ፣ ዓይን የማይገቡ ጥቃቅን ተርቦች አሉ። ሁሉን የሚጨርስ መርዝ ስትረጩ ጠላትም ወዳጅም ይሞታል። ግን እኩል አያገግሙም። ክሽክሽ በሳምንት ውስጥ ይራባል። የሚበላው ጥንዚዛ ዘግይቶ ነው የሚመለሰው። መጀመሪያ የሚበላው ነገር መኖር አለበታ! በመሃል ያለው ጊዜ የተባዩ ሠርግ ነው። እናንተ ደግሞ «መድኃኒቱ ደከመ» ብላችሁ መጠኑን ትጨምራላችሁ። ከሞት የተረፉት ትሎች መርዙን የሚችሉት ናቸው፤ ልጆቻቸውም ይችሉታል። አንድ ጊዜ ይበቃ የነበረው ሦስት ጊዜ ይሆናል። ቀጥሎ ሦስት ዓይነት መርዝ አንድ መርጫ ውስጥ መቀላቀል ይመጣል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያን ያላደረገ ካለ እጁን ያውጣ። (ሁለት እጅ ወጣ። አንዱ የልማት ሠራተኛው ነው።)

እ.ኤ.አ. በ1959 አራት የካሊፎርኒያ የነፍሳት ተመራማሪዎች ይህን ሁሉ በአንድ ጽሑፍ አስቀመጡት። ዛሬ የተቀናጀ የተባይ መከላከል የምንለው ነገር መሠረቱ እዚያ ነው። ዋናው ሐሳባቸው የነጋዴ ሐሳብ ነው። ማሳ ላይ ተባይ መኖሩ ብቻ ለመርጨት አያበቃም። የሚያደርሰው ጥፋት ከርጭቱ ወጪ የሚበልጥበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው እርምጃ የሚወሰደው። ለምሳሌ ትሉ የ2 ሺህ ብር ቲማቲም ሊበላ ነው እንበል። ርጭቱ ከነጉልበቱ 3 ሺህ ይፈጃል። ብትረጩ ትሉን አሸነፋችሁ፣ ኪሳችሁ ግን ተሸነፈ።

ይህን ለማወቅ መቁጠር ያስፈልጋል። ማሳው ውስጥ በዜግዛግ መሄድ ነው። አምስት ቦታ መቆም፣ በየቦታው አሥር ተክል ማየት። ቅጠሉን ገልብጡ፣ ከሥር ነው የሚደበቁት። ከሃምሳው ተክል ስንቱ እንደተጠቃ ጻፉ። ደብተር ከሌለ ስልካችሁ አለ። ጥንዚዛና ሸረሪትም ካያችሁ እነሱንም ቁጠሩ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። መርጫ አዝሎ ከመዋል ይሻላል።

ኢንዶኔዥያ ይህን በአገር ደረጃ ነው የተማረችው። መንግሥት ለሩዝ ገበሬ የፀረ ተባይ ዋጋ በብዛት ይደጉም ነበር። ገበሬው ረጨ፣ ሸረሪቶቹ አለቁ፣ ቡናማ የሚባል ዘላይ ተባይ ሩዙን አደረቀው። እ.ኤ.አ. በ1986 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ 57 የፀረ ተባይ ዓይነቶች ለሩዝ እንዳይውሉ ታገዱ። ድጎማውም በሂደት ቀረ። ገበሬዎች ደግሞ ማሳ ላይ ቁጭ ብለው ነፍሳት እየቆጠሩ እንዲማሩ ተደረገ። ሩዙ አልጠፋም። ትምህርት ቤቱ ማሳው ስለነበር የገበሬ የመስክ ትምህርት ቤት ተባለ። ከዚያ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የአሜሪካ መጤ ተምችን የማያውቅ የለም። አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ታየ። በ2009 ዓ.ም. የካቲት ላይ እኛ ጋ ደረሰ። የእሳት እራቷ በአንድ ሌሊት ብዙ ኪሎ ሜትር ትበራለች። ትሉ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የመሰለ መስመር አለው። በበቆሎው እምብርት ውስጥ ስለሚደበቅ ከላይ የተረጨው አይደርስበትም። ያኔ ሰው ወጥቶ በእጁ ለቀመ። ተማሪ ሳይቀር ወጣ። አንዳንዱ እምብርቱ ውስጥ አመድና አፈር ጨመረ። ብዙ ሰው ስቆብናል።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ተመራማሪዎች ከበቆሎ ማሳዎቻችን ትሎቹን ሰብስበው ቤተ ሙከራ አስገቡ። ከትሎቹ ውስጥ ተርብ መውጣት ጀመረ! ኮቴሲያ ኢሲፔ ትባላለች፤ የዚሁ የአፍሪካ ምሥራቅ ነዋሪ ናት። ከአሜሪካ የመጣውን እንግዳ አይታው አታውቅም። ሆኖም ወዲያው ሥራ ጀመረች። በተጠኑ ማሳዎች ከትሎቹ ከ33 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑትን ይዛ ተገኘች። በቆሎ ላይ፣ ከደከመ ትል አጠገብ፣ ነጭ ሩዝ የመሰለች ድፍን ጎጆ ካያችሁ አትጨፍልቋት። የእሷ ልጅ ናት።

በቆሎና ማሽላ ላይ ሌላም ዘዴ አለ። ፑሽ ፑል ይሉታል፤ ገፍቶ መሳብ እንደማለት ነው። ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሠራበት ነው። በመስመሮቹ መሃል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል ይዘራል። ሽታው የአገዳ ቆርቁርን እራት ያባርራል። ዙሪያውን የዝሆን ሳር ይተከላል፤ እራቷ ወደዚያ ትሳባለች። የዴስሞዲየም ሥር አቀንጭራ የሚባለውን አረምም ያጠፋል። ሁለቱም ለከብት መኖ ይሆናሉ። ለቲማቲም ሰው ብዙ አይጠቅመውም፤ በቆሎና ላም ላለው ግን ወርቅ ነው።

የአበባ እርሻዎቹንም ታውቃላችሁ። ብዙዎቻችሁ ዘመድ አላችሁ እዚያ። ጽጌረዳ ላይ ቀይ ሸረሪት የሚባል፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ተባይ አለ። በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል ተነስቶ ለመራባት አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። መርዝ ቶሎ ይለምዳል። ስለዚህ ከሆላንድም ከሌላም አገር የተማሩ እርሻዎች ፋይቶሴይሉስ የምትባል ሌላ ጥቃቅን ሸረሪት መሰል ፍጥረት መልቀቅ ጀመሩ። ሠራተኛዋ ጠርሙስ ይዛ ጨው እንደሚነሰንስ ሰው ቅጠሉ ላይ ትነሰንሳለች። አንዷ በቀን እስከ 20 የቀይ ሸረሪት እንቁላል ትበላለች። እነዚህ ሰዎች ይህን ያደረጉት ለነፍሳት አዝነው አይደለም። ርጭቱ አልሠራ ስላላቸውና ገዢው ስለጠየቃቸው ነው። ለእኔ ይበቃኛል። ምክንያቱን አልመርጥም።

እሺ፣ ቲማቲም። ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የእሳት እራት ከደቡብ አሜሪካ ተነስታ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ገባች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኛ ጋ ደረሰች። እጯ በቅጠሉ በላይኛውና በታችኛው ቆዳ መካከል ገብታ ትሰረስራለች። እዚያ ውስጥ እያለች ብዙ መርዝ አይነካትም። ለዚህ ነው «ረጨሁ፣ አልሞተም» የምትሉኝ።

ከችግኙ ጀምሩ። መደቡን በጥቅጥቅ መረብ ሸፍኑ። የተበከለ ችግኝ ከገዛችሁ ተባዩን ከፍላችሁ አስመጣችሁ ማለት ነው። ያለቀ የቲማቲም ማሳ ደርቆ ቆሞ፣ አጠገቡ አዲስ አትትከሉ። ያንን ማድረግ አዲሱን ማሳ ለቱታ በትሪ ማቅረብ ነው። የተሰረሰረውን ቅጠልና ፍሬ ልቀሙ፤ ማሳ ዳር ግን አትጣሉት። ቅበሩት፣ ወይም በላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ፀሐይ ላይ ተዉት። አውጥና አስተናግርን ንቀሉ። ቲማቲም ሲጠፋ እዚያ ላይ ትከርማለች። ድንችም ቤቷ ነው፤ ስለዚህ ቲማቲምን በድንች ማፈራረቅ ማፈራረቅ አይባልም።

ወጥመዱ ቀላል ነው። የልብስ ሳፋ ውኃ ሙሉ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ከላዩ የሴቷ ሽታ ያለበት ትንሽ ማታለያ። ወንዱ ሚስት ላግኝ ብሎ ይመጣል፣ ውኃ ውስጥ ይገባል። (ሳቅ።) ግን ልንገራችሁ፤ ክፍት ማሳ ላይ ወጥመድ ብቻውን አይጨርስም። አንድ የተረፈ ወንድ ብዙ ሴት ያዳርሳል። ወጥመዱ ዋና ጥቅሙ መቼ እንደመጣች መንገሩ ነው። ጠዋት የሞቱትን ቁጠሩ፣ ጻፉ። ቁጥሩ ሲዘል ያኔ ትንቀሳቀሳላችሁ። መርጨት ካስፈለገ ለትል ብቻ የሚሆነውን፣ ለምሳሌ ቢቲ የሚባለውን ባክቴሪያ፣ ወይም የኒም ዛፍ ፍሬ ጭማቂን አስቀድሙ። ኒም ወዲያው አይጥልም፤ ትሉ መብላት ያቆማል፣ ማደግ ያቅተዋል። ፀሐይ ስለሚሰብረው ወደ ማታ ነው የሚረጨው። ሌላ መርዝ ግድ ካለ ዓይነቱን እያፈራረቃችሁ ተጠቀሙ። የንግድ ስሙን ብቻ አትዩ፤ ሁለት ስም ያለው አንድ መርዝ ብዙ ነው። ከርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ የሚል እኔ ብዙም አላየሁም።

ሽንኩርት ላይ ያለውን ትሪፕስ የሚባል ጥቃቅን ተባይ ሌላ ቀን እናወራለን። ለዛሬ አንድ ነገር ብቻ፤ መስመሩ መሃል ገለባ አንጥፉና ልዩነቱን እዩ።

ጥያቄ ወደ መቀበሉ ስገባ አንድ ወጣት ተነሳ። «ጋሼ፣ ታዲያ ከቅጠላ ቅጠል የተሠራውን ሁሉ ያለ ሐሳብ እንርጭ?» አለ። አይ። ትንባሆ ቅጠል ነው፤ ኒኮቲኑ ግን ሰው ይገድላል። እንዶድን እንኳ እዩ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። ትልቅ ግኝት ነበር፤ በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። ያው እንዶድ ግን ዓሣም ይገድላል። ዝዋይ ሐይቅ አጠገባችን ነው። ተፈጥሯዊ መሆኑ ብቻውን ደኅና አያደርገውም።

አንዲት እናት ስለ ነቀዝ ጠየቁ። በቆሎ ውስጥ የሚከተተው ክኒን ልጅ በሚተኛበት ቤት ጉዳት አለው ወይ አሉ። አለው፣ በጣም። አሉሚኒየም ፎስፋይድ እርጥበት ሲያገኝ የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ሰው የሚያድርበት ክፍል ውስጥ በፍጹም አይደረግም። አያቶቻችን ባቄላውንና በቆሎውን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ያስቀምጡ ነበር። ጤፍ አይነቅዝም፤ ቀዳዳውን ሁሉ ይሞላና ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል። ስትፈልጉ በወንፊት ትለያላችሁ። አሁን አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢትም አለ። እህሉን በደንብ አድርቃችሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩት። ውስጥ ያለው ነቀዝ አየሩን ይጨርስና ያልቃል። ክኒን አያስፈልግም።

ሌላው «እኔ ብቆጥር ጎረቤቴ ይረጫል፤ ተባዩ ወደ እኔ ይመጣል» አለ። ግማሹ እውነት ነው። ቱታ አጥር አታውቅም። ስለዚህ በአንድ መስኖ ቦይ የምትጠጡ ሰዎች አብራችሁ ብትተክሉ፣ አሮጌውን ማሳ አብራችሁ ብትነቅሉ ይሻላል። ሌላው ግማሽ ግን እውነት አይደለም። ጎረቤታችሁ ከረጨ እሱ ጋ የሚሞቱት ወዳጆች ናቸው። እናንተ ጋ ያሉት በሕይወት አሉ።

በመጨረሻ አንዲት ልጅ ተነሳች። ጥያቄዋ ከሁሉም ከበደኝ። «የአዲስ አበባ ነጋዴ አንድ ነጠብጣብ ካየ ሳጥኑን አውርዶ ይጥላል። እርስዎ የሚሉትን አድርጌ ብከስር ማን ይከፍለኛል?» አለች።

ማንም አይከፍልሽም አልኳት። ልዋሽሽ አልችልም። ነጋዴው ያማረውን ነው የሚፈልገው፤ ቤቱ ያለችው ሸማችም እንዲሁ። ማሳሽን በሙሉ በአንድ ክረምት አትለውጪ። ሁለት መስመር ለይተሽ ሞክሪ። የረጨሽውንና የቆጠርሽውን ወጪ ጎን ለጎን ጻፊ። ካልከፈለ ተይው።

«መስመር ለይቼ እስክሞክር ድረስ...» ብላ ሳቀች። «ጓሯችን ያለውስ? እሱኮ ተረጭቶ አያውቅም።»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ጓሮ ለብቻው የተተከለ፣ ለቤት የሚበላ መደብ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ አልኩ። ቀስ እያለ ከግማሽ በላይ እጅ ወጣ። የልማት ሠራተኛውም አወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንገናኛለን። ደብተርና ውኃ ያዙ። ከጓሮዎቹ እንጀምራለን፤ ሃምሳ ተክል ካልሞላ ያለውን ሁሉ እንቆጥራለን። ከዚያ ማሳው ላይ እንሄዳለን።